መምህር ሌላስ

መምህር ጌጡ መሞቱን የነገረን ከበየዳ ገብስ ጭኖ የወረደ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ጎማውን በእግሩ እየነካካ ስለ መንገዱ አቧራ፣ ስለ ናፍጣ መጥፋት ሲያወራ ቆየና «ያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ እኮ አረፈ» አለ። እኛ ደባርቆች ሰው ሞተ ሲባል ቶሎ አናለቅስም። መጀመሪያ «ማን ነገረህ?» እንላለን። እኔም አልኩት።

«ማን ይነግረኛል! አስከሬኑን ወደ ዳባት ሲጭኑት በዓይኔ በብረቱ አይቼ!»

«ዳባት? ለምን ዳባት?»

«አገሩ ነዋ! ታዲያ ሰው የት ይቀበራል?»

ከኋላዬ የእህቴ የትርንጎ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

ለሹፌሩ ተራ ወሬ ነው። እኛ ቤት ግን መምህር ጌጡ የዳባት ሰው አለመሆኑ ከተረጋገጠ ስንት ዘመኑ! ያረጋገጠውም አጎታችን አያ ደስታ ነው፤ ድረስ ሄዶ፣ መንደሩን ሙሉ አዳርሶ ጠይቆ። ትርንጎ መምህር ጌጡን ሳታገባ የቀረችው በዚያ ምክንያት ነው። ከበየዳ ዳባት ለመሄድ ደግሞ በደባርቅ ማለፍ ግድ ነው። እኛ ሳናውቅ አስከሬኑ በደጃችን አልፏል ማለት ነው።

ትርንጎ ከመኪናዋ ሳትነሣ «አገሩ ነው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዲያ ነው ያለው።»

«እንግዲያ ሄጄ አያለሁ» አለች።

መምህር ጌጡ እኛ ግቢ ተከራይ ሆኖ የገባው ኢሕአዴግ ገብቶ ነገር ሁሉ ገና ባልረጋበት ዘመን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው የሚያቆም ሰው ነበር። ኮሌታ ማቆሙን ለደባርቅ ብርድ ነው ብለን አለፍነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና ቤት የምታከራየው እንደ መርማሪ ነው። በር ላይ አቁማ ጠየቀችው።

«አገርህ ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«ዳባት ነው፣ እማማ።»

«ዘመድ አዝማድ አለህ?»

«የለኝም።»

«ሚስትስ? ልጅስ?»

«የለኝም።»

ቁልፉን ሰጠችው። እሱ ዞር ሲል ግን ወደ እኛ መጥታ «‹የለኝም› የሚያበዛ ሰው ያለውን የደበቀ ነው። ዓይናችሁን ከሱ እንዳትነቅሉ» አለችን። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ጠዋትና ማታ የምትደግም ሴት ነበረች። እኛም እንደታዘዝነው ዓይናችንን አልነቀልንም።

ያየነው ነገር ደግሞ ደስ አይልም። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ በሩን በጓጉንቸር ይቆልፋል። ወንበር ስትሰጪው አዙሮ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለአጥር በሩ አድርጎ ይቀመጣል። ፈረንጅ ካሜራ ካወጣ ዞር ይላል። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ከሰው መሐል ግን አይቆምም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይሄ የዳባት ሰው ነኝ ባይ ዳባት ሄዶ አያውቅም። ዳባት እኮ አፍንጫችን ሥር ነች! ለገበያ አይሄድ፣ ለንግሥ አይሄድ፣ ለለቅሶ አይሄድ።

አንድ ጊዜ ለጎንደር አብረን ተሳፈርን። እስከ ዳባት ድረስ ስለ ትምህርት ሲያጫውተኝ መጣ። የዳባት ቤቶች ብቅ ሲሉ ጋቢውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲሳፈር፣ ቆሎ ሻጮች በመስኮት ሲጮኹ ንቅንቅ አላለም። ከተማዋን አልፈን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንታጠፍ ጋቢውን ገልጦ ካቆመበት ቀጠለ። ሰው አገሩ ሲደርስ አንገቱን ያሰግጋል እንጂ ይሸፋፈናል? ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት፤ «ሚስት ጥሎ የጠፋ ነው፣ አበቃ!» አለች። አያ ደስታ «የደርግ ካድሬ ነበር፤ ሰው ያስበላ ነው» አለ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ጆሮ ጠቢ ነው» አሉና እሱ ባለበት ስለ አየር ጠባይ ብቻ ማውራት ጀመሩ።

ነገሩ የሚያስቀው፣ ከሁላችንም የባሰ ተጠራጣሪ ራሱ መሆኑ ነው። በተለይ እንግሊዝኛን አያምንም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ውስጥ፣ ፈረንጅ ይዘው ወደ ሰሜን ተራራ ለሚወጡ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ነጂዎች ያስተምር ነበር። እኔም አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ከእህቴ ጋር ሱቅ እውላለሁና ቁጭ ብዬ እማር ነበር። አንድ ቃል ይጠራል። ተማሪው ትርጉሙን ሲናገር ደስ አይለውም፤ ሌባ ጣቱን ቆልመም አድርጎ «ሌላስ?» ይላል። ሁለተኛ ትርጉም ስታመጪ አሁንም «ሌላስ?» ነው። ስሙ ከዚያ መጣ። ከተማው በሙሉ «መምህር ሌላስ» ነበር የሚለው፤ እሱም ያውቃል።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳም። «ፋይን ምንድን ነው?» አለ።

አበጀ የሚባል፣ ፓርኩ ውስጥ ካለችው የግጭ መንደር የመጣ በቅሎ ነጂ፣ ከሁሉ ቀድሞ «ደህና!» ብሎ ጮኸ። ፈረንጅ «እንዴት ነህ» ሲለው የሚመልሳት እሷን ብቻ ነበረች።

«ሌላስ?»

አበጀ ራሱን አከከ።

«ፓርኩ ውስጥ እንጨት ስትቆርጥ ጠባቂው ስካውት ቢይዝህ ምን ይጥልብሃል?»

«መቀጮ ነዋ።»

«መቀጮም ፋይን ነው።»

አበጀ አፉን ይዞ ተነሣ። «በስመ አብ! ስንት ዘመን ለፈረንጁ ሁሉ ‹ተቀጥቻለሁ፣ ተቀጥቻለሁ› ስል ነው የኖርኩት?»

«እሱስ አልዋሸህም» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ወጥ ሠሪ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጌጡ ግን አልሳቀም። «አያችሁ? በሰላምታ ውስጥ ቅጣት ተሸሽጎ ኖሯል። እኔ ይሄን ቋንቋ ለዚህ ነው የማላምነው» አለ።

ሌላ ቀን «ፓርክ» ሲል አበጀ አሁንም ቀደመ። «ይቺንስ ለኔ ተዋት! እንዳታርሱ ማለት ነው።»

«ሌላስ?»

«እንዳታግጡ።»

«ሌላስ?»

«ከዚህ ሌላ ምን ቀረ፣ መምህር? እንዳትኖሩ ይሆናላ!»

መኪና ማቆም ማለትም እንደሆነ ሲነግረው አበጀ በቅሎዎቹን ዞር ብሎ አየና «እኛንም እንግዲህ አቁመውን ይሆናል» አለ። ያን ጊዜ መምህር ጌጡ «ሌላስ?» አላለም። ያልተማረ ሰው ቁም ነገር ሲናገር ፈጥኖ አያርምም፤ ይሄን ጠባዩን እወድለት ነበር።

እንዲህ እያለ ስንቱን አሳየን። «ስፕሪንግ» ምንጭ ነው ስንል የሶፋ ሽቦም ነው ይለናል፤ ሽቦውን ስንለምድ ደግሞ የፈረንጅ ጸደይ ሆኖ ይመጣል። «ማች» ክብሪት ነው ስንል የኳስ ግጥሚያ ይሆናል። ወጥ ሠሪው አንድ ቀን ተማርሮ «እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን ሲሠሩ ቃል መሥራት እንዴት አቃታቸው?» አለ። አንድ የቄስ ልጅ አስጎብኚ ነበር፤ ጠቢብ ለመምሰል «ይሄማ እንደኛ ቅኔ ነው» ሲል መምህር ጌጡ ተቆጣ። «አይደለም! ቅኔ ባለቤት አለው፤ ባለቅኔው ሲደብቅ አውቆ ነው፣ ብትጠይቀው ይፈታልሃል። ይሄን ማን ደበቀው? ማንም። ባለቤት የሌለው ነገር ይበልጥ ያስፈራል። እና ቃል ብቻውን ሲመጣባችሁ አትመኑት። ከነማን ጋር እንደመጣ እዩ፣ ግራ ቀኙን ጠይቁ፣ ከዚያ ፍረዱ።»

ይሄ አመሉ ከትምህርት አልፎ ሰው ላይም ወጣ። «አሞኝ ነው የቀረሁት» ብትዪው «ሌላስ?» ይልሻል። ሥጋ ሻጩ «ዛሬ ጥሩ ጮማ አለኝ» ሲለው «ሌላስ?» ብሎት ሰውየው ቢላውን ጥሎ ሊጣላው ተነሥቷል። ተጠርጣሪና ተጠራጣሪ በአንድ ግቢ ስንኖር፣ በመካከላችን የማትጠረጥር ትርንጎ ብቻ ነበረች።

ትርንጎ ታላቄ ነች። አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታ የተመለሰች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ምላሷም የማይተኛ። ቱሪስቶች ጥለውት የሚሄዱትን የተቀደደ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ሰፍታ መልሳ ታከራያለች። ተራራው ላይ እስከ ቡይት ራስ ሰፈር ድረስ «የትርንጎ ድንኳን ዝናብ አያስገባም» ይባል ነበር። ትምህርቱን በሱቁ የጓሮ በር እየሰፋች ትሰማለች፤ ገብታ ግን አትቀመጥም። «በአንድ ትርጉም ያልተስማማሁ ሴት ስንት ልሸከም ነው?» ትላለች።

አንድ ቀን መምህር ጌጡ የኮት ቁልፍ ተበጠሰብኝ ብሎ መጣ። ሰፋችለት። ሰንበት ብሎ ሌላ ቁልፍ ይዞ መጣ። እሱንም ሰፋችለት። ደግሞ በሌላ ቀን የእጅጌው ቁልፍ ነው ብሎ መጣ። ትርንጎ ቁልፉን ተቀብላ፣ የተበጠሰውን ክር አገላብጣ አየችና፣ ቀና ሳትል «ሌላስ?» አለችው።

ያን ቀን ነው የመምህር ጌጡን ጥርስ ያየሁት። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁን ማቆም አቅቶት በሩን ተደግፎ ቆመ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ምንድን ነው?» ስትል ትርንጎ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ መስላ ጎንበስ አለች። እናቴም በዚያው ቀን ጥርጣሬዋን ወደ ልጇ አዞረች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። የላካቸውም ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ እድሪስ፣ አንድ ሸምገል ያለ አስተማሪና የደብራችን ቄስ ናቸው። ቁም ነገራቸውን ተናገሩ። እናቴ በሥርዓቱ «ዘመድ እናማክርና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሱ» ብላ ሸኘቻቸው። በር እንደዘጋች ግን «አየሽ፣ አንድ የሥጋ ዘመድ እንኳ ጠፍቶ ሽማግሌውን ከጎረቤት ለቀመ። ዘሩ ይጠና!» አለች። ትርንጎ «አጥኑ። ቶሎ ጨርሱ ብቻ» አለች። አትፈራም ነበር። የሠርግ ሳይሆን የአዘቦት የምትመስል ጥሩ ቀሚስ ቆርጣ መስፋት ጀምራለች፤ እኔ አይቻለሁ።

ዘር ማጥናት በኛ አገር በይፋ አይደረግም። ለጋብቻ መሆኑ ከታወቀ ወዳጅ ያለ ልክ ያሞግሳል፣ ጠላት ያለ ልክ ያጠለሻል፤ ስለዚህ አጥኚው ጉዳዩን ደብቆ ሌላ ነገር ፈላጊ መስሎ ይሄዳል። አያ ደስታ የእርሻ በሬ ገዢ ሆኖ ሊሄድ ተነሣ። ለክብሩ ሲል የወታደር ካፖርቱን ደረበ። ጠመንጃውንም አነገተ። ትርንጎ «አያ፣ በሬ ልትገዛ ነው ልትማርክ?» ስትለው «መንገዱ ክፉ ነው፤ ደግሞ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ማን ያከብረዋል?» አላት። አያ ደስታ፣ መምህር ጌጡ ለሽማግሌዎቹ የተናገረውን የትውልድ መንደር ስም ይዞ፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለችው የገበሬ መንደር ሄደ።

ሲመለስ መጀመሪያ ጠላውን ጠጣ። ከዚያ «የለም» አለ።

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ሰውየው። የለም። አልተወለደም።»

አንድ በአንድ ተረከው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካህናቱን ጠየቀ፤ «እንዲህ የሚባል ስም እዚህ አይታወቅም» አሉት። አራሽ ጠየቀ፤ ሰውየው ሳይመልስለት በሬዎቹን አዙሮ ወደ ማሳው ጥግ ሄደ። ጠላ ቤት ገባ፤ ጨዋታው ሁሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ አገኛትና ጠየቃት። እሷም «የዚህን መንደር ልጅ ሁሉ እትብት የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ጌጡ የሚባል በእጄ አልወጣም። ሂድ፣ በሬህን ሌላ አገር ፈልግ» አለችው።

እናቴ ደረቷን መታች። «ጉድ በል ጎንደር! አዋላጇ ያላወቀችው ሰው ምን ሊሆን ነው? ሰይጣን ነው እንጂ!»

ቀጠሮው ደርሶ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ መምህር ጌጡንም ከክፍሉ አስጠራችው። አያ ደስታ ቆሞ፣ እንደ ከሳሽ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያየውን የሰማውን ሁሉ በፊቱ ዘረዘረ። ጋሽ እድሪስ «ሱብሃነላህ» እያሉ መሬት መሬት ያያሉ። መምህር ጌጡ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ያዳምጣል፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። አያ ደስታ አሮጊቷ ጋ ሲደርስ ግን አቋረጠው።

«ይቅርታ፣ አያ ደስታ። ሴትዮዋ ምን ትመስላለች?»

«ምን ትመስላለች? አሮጊት ነቻ! አንገቷ ንቅሳት ያለበት፣ ቀይ።»

«ቆማ ነው ወይስ ተቀምጣ ነው ያነጋገረችህ?»

«ቆማ ነው። ምርኩዝ እንኳ አልያዘችም። ቁጣዋም ቁጣ ነው።»

መምህር ጌጡ ፈገግ አለ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ፈገግታ አላየሁም። ከዚያም ተነሥቶ ለአያ ደስታ ዝቅ አለና «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

እናቴ በገነች። «ምን ማለት ነው ይሄ? አገሩ ሲክደው የሚስቅ ሰው! መልስ የለህም?»

«የለኝም፣ እማማ።»

ያን ጊዜ ትርንጎ ከበሩ ሥር ተናገረች። በሰው ፊት «አንተ» ስትለው የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። «ጌጡ፣ ዋሽተኸናል?»

«አልዋሸሁም።»

«እንግዲያ አስረዳቸው። አንድ ቃል ተናገርና እኔ ልጨርሰው።»

ዓይኑ ወደ አጥር በሩ ሄደ፤ ከዚያ ወደሷ ተመለሰ። «አልችልም፣ ትርንጎ» አለ።

በዚያው ሰሞን እቃውን ጭኖ ወጣ። ሌላው አስተማሪ እግዜር እንዲያወጣው የሚሳልበትን በየዳ እሱ ለምኖ ተመደበ። ትርንጎ አላለቀሰችም፤ የጀመረችውን ቀሚስ ግን ፈታ የድንኳን ኪስ አደረገችው። እናቴ እስክትሞት ድረስ «አዳንኩሽ» ትላት ነበር። ትርንጎ «አዎ» ትላለች። ስንት ሽማግሌ መጥቶ ስንቱን መለሰች፤ ምክንያቷን ብትጠየቅም አትናገርም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረ። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት አበጀ ከበየዳ በኩል ሲወርድ ያቺን የመምህር ጌጡን ኮት በበቅሎው ይዞ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ። ትርንጎ ትሰፋና ትመልሳለች። ሌላ መልእክት የለም፣ ወዲያም ወዲህም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይሄ ኮት ቁልፍ አይበረክትለትም?» ብላ ጠርጥራ ነበር።

እንግዲህ የሹፌሩ ወሬ በመጣ በማግስቱ ለለቅሶ ተነሣን፤ ትርንጎ፣ እኔና አያ ደስታ። አያ ደስታ አርጅቷል፤ ጠመንጃው ቀርቶ በዱላ ነው የሚሄደው። መንገዱን ሙሉ «ሌላ ጌጡ ይሆናል፤ ታያላችሁ፣ ሌላ ጌጡ ነው» ሲለን ሄደ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ሰዉ ደክሞታል፤ የዳባት ሜዳ አቧራ ይጨሳል።

መንደሩ ስንደርስ ለቅሶው ቤት ፊት ዳስ ተጥሏል። ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጧል። «የመምህር ጌጡ ለቅሶ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ የማያውቀው አልነበረም፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጠቆሙን። የአያ ደስታ እርምጃ ዘገየ።

ዳሱ ውስጥ አንድ ጢማቸው የረዘመ ሽማግሌ አያ ደስታን አተኩረው ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ «አንተ ሰው፣ ያ በሬ ፈላጊ አይደለህም?» አሉት።

አያ ደስታ ዱላውን ተመረኮዘ። «ነኝ።»

«ባለካፖርቱ! ባለጠመንጃው! ወይ ጉድ! ደመኛ መስለኸን እኮ ልናስቀርህ ነበር። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሰው አስከትለንብሃል። አንድ ቤት ጨምረህ ጠይቀህ ቢሆን ዛሬ እዚህ አትቀመጥም።»

ከዚያ ነገሩን ዘከዘኩልን። የጌጡ ታላቅ ወንድም በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ፤ ቆላ ወርዶ እዚያው ሞተ። የሟች ወገኖች ደማችንን በተማረው እንመልሳለን ብለው ማሉ፤ ከቤቱ የሚሻለውን ሰው ነው የሚመርጡት። ጌጡ በዚያ ምክንያት አገሩን ራቀ። መንደሩም፣ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ስለ ጌጡ ቢጠይቅ ካህን ሳይቀር «አናውቀውም» እንዲል ተስማማ። እኛ ጉዳያችንን ደብቀን ሄድን፤ እነሱ ሰዋቸውን ደበቁብን።

«ደሙ የደረቀው አምና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ካህናት ገብተው፣ መስቀል ተይዞ፣ እርቅ ወርዶ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ልኮ ነበር። ብቻዬንም አልመጣም ብሎ ነበር። ሕመሙ ቀደመው።»

አያ ደስታ «አዋላጇስ?» አለ። «እትብቱን አልቆረጥኩም ያለችኝ?»

«እናቱ ናት እንጂ! አንተ እንደሄድክ ደጇን ዘግታ ‹ልጄን በአፌ ካድኩት› ብላ ስንት ቀን እህል አልቀመሰችም።»

አያ ደስታ ዱላውን ይዞ እንደቆመ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትርንጎ ወደሱ ጎንበስ አለችና ቀስ ብላ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ለዚያ ነው ያመሰገነህ። እናቱ በሕይወት እንዳለች፣ ቆማ እንደምትሄድ የነገርከው አንተ ነህ» አለችው። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባች። ተከተልናት። ለምን ያኔ አልነገረንም ብዬ ልናደድበት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ቢነግረን ደሙን ይዞ ቤታችን መግባቱ ነበር፤ የደባርቅንም አፍ ያውቀዋል።

አሮጊቷ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አያይም። ዙሪያቸውን የመንደሩ ሴቶች ከበዋል። እግራችንን ሰምተው «ማነው የመጣው?» አሉ።

አያ ደስታ «እኛ እማማ፣ ደባርቅ ቤት ያከራየ—» ሲል ክንዱን ያዝኩት።

ትርንጎ ፊታቸው ተንበረከከች። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ብቻዬን አልመጣም ያለዎት እኔን ማለቱ ነው። ምራትዎ ነኝ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳበሱ፣ ጸጉሯን ዳበሱ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ። ቀለበት የለም። እዚያ የተቀመጡት ሴቶችም አይተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ወደፊት ዘንበል ብላ «ምራት? መቼ ነው እሱ ያገባው? በተክሊል ነው በሰማንያ? እኛ ሳንሰማ እንዴት—» አለች።

አሮጊቷ የትርንጎን እጅ ሳይለቁ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«እኔ የወለድኩትን ልጅ አልወለድኩም ስል ሰምታችሁ ዝም ብላችኋል» አሉ። «አሁንም ዝም በሉ።»

ሴቶቹ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው ተቀመጠች።